ቃልህን ስጥ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ የሃልን ወደብ ይወቅጣል።
ስልኬ ጮኸ፦ «ግሌንዳ፣ ነይልን፤ አንድ ልጅ ይዘናል፤
ይናገራል፣ ግን አይግባባም፤ ከጎኑ ሰው ያሻዋል።»

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ደመወዝ የለው፣ ማዕረግ የለው፤
ከተጠርጣሪ ጎን መቀመጥ፣ የሚሉት እንዲገባው፣
የሚለውም እንዲገባቸው።
ሠላሳ ዓመት ዓሣ ፋብሪካ፣ በቢላ ጫፍ አጥንት ስለቅም ኖሬ፣
በጡረታዬ ቃል ውስጥ አጥንት እፈልጋለሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ አድሬ።

ኮርቢን ነው ስሙ። ሃያ ሁለት ዓመቱ።
ኮፍያው እስከ ቅንድቡ፣ ደብተሩ ከደረቱ።
«መብራቱ ይጮኻል» አለኝ፣ ከሰላምታ በፊት፤
ለእኔ መብራት ነበር፤ ዝም ያለ፣ የጣራ መብራት።

የሆነው እንዲህ ነው።
አውቶቡሶች ከሚያድሩበት ግቢ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገባ፤
የሃምሳ ሦስቱን ሰሌዳ ጽፏል፣ አንዷ ብቻ ጎድላው ነበር።
ዘበኛው ዴንዚል ከኋላ መጥቶ፣ ባትሪውን ዓይኑ ላይ አብርቶ፣
ትከሻውን ጨበጠው።
ልጁ እሳት እንደነካው ሰው ተወራጨ።
ሽማግሌው ወደቀ። የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ።
ይህን አልክድም፤
አጥንት ሲሰበር ድምፁን አውቃለሁ።

ፖሊሶቹ ደርሰው «እጅህን ስጥ!» ሲሉት፣
ቀኙን ዘረጋ፣ ለሰላምታ፣ በልጅነቱ እንዳስተማሩት።
በደረቱ አስተኙት።

«ቃልህን ስጥ» አለው ሳጅን ሂብሊ
(ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻዩን ያመጣለት እሱ ነው)።
ኮርቢን አሰበ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አሰበ።
«ቃሌን ከሰጠሁህ፣ እኔ በምን እናገራለሁ?»
ሳጅኑ ወደ እኔ አየ። ቀልድ መሰለው።

«ልትገፋው አስበህ ነበር?»
«አሁን አሰብኩት።»
«አሁን አይደለም፣ ያኔ!»
«ያኔማ ሐሳብ አልነበረም። እጅ ብቻ ነበር።»
«ዓይኔን እያየህ መልስ።»
«ወይ አያለሁ፣ ወይ እመልሳለሁ። የቱን ልተው?»
ሳጅኑ ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ጫረ፤
ከጎን ሆኜ አነበብኳት፦ «ያድበሰብሳል።»

እኛ የሰው ነገር ስንሰማ፣
ሥጋውን አላምጠን እሾሁን እንተፋለን፤
እሱ ሁሉንም ይውጣል።

በስድስተኛው ሳምንት ፍርድ ቤት ቀረበ።
የደብተሩ ሽቦ በፍተሻው አላልፍ ብሎ፣
«ያዢልኝ» አለኝ፤ ያዝኩለት።
«ጸጸት አይነበብበትም» አሉ ዳኛዋ፣
ፊቱን ገልጠው፣ የለመዱትን ፊደል ቢያጡበት።
እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤
የእኔ ወንበር ጣቢያው በር ላይ ያበቃል፤ እዚህ አፍ የለኝም።
ደብተሩን ገለጥኩ።

ከሰሌዳዎቹ ቀጥሎ፣ በዚያው ቀጥ ባለ ጽሑፍ፦
«ቀን አንድ። ዴንዚል፣ ግራ እጅ። አጥንት በአርባ ሁለት ቀን ይጋጠማል።
ቀን ሁለት። ዴንዚል።
ቀን ሦስት። ዴንዚል።
ቀን አሥራ ዘጠኝ። ዴንዚል። ዝናብ ነው፤ ይጠዘጥዘው ይሆናል።
ቀን አርባ ሁለት። ተጋጥሞ ይሆን?
እንዳልቀርበው ስላዘዙኝ፣ የምጠይቀው ሰው የለም።»

ልነሳ ነበር። ጉልበቴ ተነሣ፣ እኔ አልተነሣሁም።
አራት ወር ሰጡት።
እሱም እጁን ሰጠ፤ አሁን ያለ ስሕተት፣ ሁለቱንም አጋጥሞ።

የወህኒው በር ላይ «ሽቦ ያለው ደብተር አይገባም» አሉኝ።
ቤቴ ተመልሼ፣ የጥንት ቢላዬን ስዬ፣
አከርካሪውን ከገጾቹ መካከል፣
አንድም ወረቀት ሳልቀድ፣ ቀስ ብዬ መዘዝኩት።
ክር አስገባሁበት።
ከመጨረሻው ገጽ ሥር፣ በእኔ ጠማማ እጅ ጽሑፍ፦
«ቀን ሃምሳ ስምንት። ዴንዚልን ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁት።
ተጋጥሟል።
ዝናብ ሲሆን ይጠዘጥዘዋል፤ ልክ ነህ።»